አባቴን የፈተንኩበት ቁጥር

ፈተና ሳርም የሚያስደነግጠኝ የተሳሳተ መልስ አይደለም። የተሳሳተው የልጁ የራሱ ነው፤ ማን ይሰርቀዋል? የሚያስደነግጠኝ ትክክለኛው ነው። ደብረ ብርሃን ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎበዝ መልስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው «ከማን ገለበጥከው?» ነው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ያወጡልኝ ስም እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነም እጠረጥራለሁ።

ይህን ጠባይ ያወረሱኝ አባቴ ናቸው። አንኮበር፣ ከአንዲት ደብር አጥር ሥር ባለች የድንጋይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ባሕረ ሐሳብ አስተምረዋል፤ የጾሙንና የበዓላቱን ቀን በቁጥር የሚያወጣውን የቤተ ክርስቲያኑን ስሌት ማለቴ ነው። በልጅነቴ «ስንት በግ ገባ?» ብለው ጠይቀውኝ «አሥራ አራት» ካልኳቸው፣ ብርድ ይሁን ጭጋግ ራሳቸው ወጥተው ይቆጥራሉ። አሥራ አራት ሆኖ ሲያገኙትም ደስ አይላቸውም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብለውኝ ይገባሉ።

እንግዲህ ጠርጣራ ከጠርጣራ ተወለደ ማለት ነው። ግን በእኔና በእሳቸው መጠርጠር መካከል ልዩነት አለ። ያንን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ አባቴን ከገዛ ቤታቸው ላስወጣ አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ።

ነገሩን የጀመረችው እህቴ ናት። ታላቄ ናት፤ እሷም ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አባቴ ጉልበታቸውን ሊታዩ መጥተው እሷ ዘንድ አርፈው ነበር። አንድ ጠዋት ደወለችና «ና እስቲ፣ ስማቸው» አለችኝ።

ሄድኩ። አባቴ ባናቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። የተበጠበጠላቸው በሶ ሳይነካ ደርቋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል፣ «አይበቃም… አንድ ልጨምር… አለፈ… ተረፈ» ይላሉ። ትንሽ ይተነፍሱና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ።

«ሲነጋ ይጀምራሉ» አለች እህቴ ወደ ማጀት ጎትታኝ። «ትናንት ደግሞ በእናታችን ስም ጠሩኝ። እናታችን ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው? አንተ ምን ትላለህ?»

እኔ ምን እላለሁ። ጠረጠርኩ።

ጉልበታቸውን ልናሳይ በወሰድናቸው ዕለት የመርሳቱንም ነገር ለሐኪሙ ሹክ አልነው። ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። ወንበሩን ወደ አባቴ ሳብ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። አሁን ያለንበት ዓመት ስንት ነው?» አላቸው።

«ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ይህችን እንኳ አውቃታለሁ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቆጠረው ነው፤ የእሳቸው ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። ላስረዳ አፌን ስከፍት ሁለተኛው ጥያቄ መጣ።

«ከመቶ ላይ ሰባት ይቀንሱ። ከቀረው ላይ ደግሞ ሰባት፤ እንዲህ ሰባት ሰባት እያሉ ይውረዱልኝ።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ጉልበታቸውን ነካ ነካ አደረገ።

«ሁለት» አሉ።

«አባቴ፣ መቶ ሲቀነስ ሰባት?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ልጄ። ሁለት።»

የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። የፍጥረቱን ዓመት ማስረዳት አሁን ምን ይሠራል? መቶን የሚያህል ክብ ቁጥር ይዘው ሰባት መቀነስ አቃታቸው፤ «ጠርጥር» ሲሉኝ የኖሩት መሪጌታ። ሐኪሙ ጻፈ፤ ስንወጣም ብቻቸውን ባይኖሩ እንደሚሻል በለሰለሰ ድምፅ ነገረን። አባቴ አንድ ጊዜ ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር።

የዚያኑ ቀን ከእህቴ ጋር ቆረጥን። እሷ ጓሮ ያለችውን ክፍል ታሰናዳለች፤ ዓቢይ ጾም ሳይገባ አባቴ ከአንኮበር ይወጣሉ፤ ቤቲቱ ለደብሩ ትመለሳለች። አባቴ ከዚያች ቤት ከወጡ ተማሪ የላቸውም፣ ማኅሌት የላቸውም። ጓሮ ክፍል ውስጥ ጋደም ብለው የሚቆጥሩት የጣራ ሚስማር ብቻ ነው። ይህን እህቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ብቻቸውን ሆነው እሳት ላይ ቢወድቁስ? ከዚህ ጥያቄ ወዲያ የሚያልፍ ክርክር አልነበረንም። አባቴ ወደ አንኮበር ሲመለሱ ምንም አልነገርናቸውም።

«አንተ ንገራቸው» አለችኝ። «እኔ ማልቀስ ነው የማውቀው።»

በቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። አንኮበር እንደ ልማዷ ጭጋግ ለብሳ ጠበቀችኝ። አባቴ ደህና ነበሩ፤ የምድጃቸውን እሳት በወጉ አጥፍተዋል፣ ምንጣፋቸው ተጠርጓል፣ ገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። ይህም አላሳመነኝም። እንደ ዘበት መጠየቅ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ሆነ?» ነገሩኝ። «ባለፈው ጉልበትዎን የታዩት ማክሰኞ ነበር ወይስ ረቡዕ?» ረቡዕ እንደነበር ነገሩኝ። «ቅድም ስገባ በምን መጣሁ አልኩዎት?»

ቆሎውን ከአፋቸው መለስ አደረጉ። «ትፈትነኛለህ እንዴ?»

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። የሐኪሙን ቃል፣ የጓሮዋን ክፍል፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ወረቀት አለህ? ጻፍ» አሉኝ።

«ሁለት። ሦስት፣ ባዶ፣ አምስት። ስምንት፣ አራት፣ ሦስት። ባዶ፣ ባዶ፣ ዘጠኝ። ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት። ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት። ዘጠኝ፣ አምስት፣ አንድ።»

ጻፍኩ፤ 2305843009213693951። አሥራ ዘጠኝ አኃዝ።

«ይህን ከአንድና ከራሱ በቀር የሚገድፍ ቁጥር ካመጣህልኝ፣ በማግስቱ ጓዜን ጠቅልዬ እህትህ ዘንድ እገባለሁ። ካጣህ ግን ተዉኝ።»

መግደፍ የባሕረ ሐሳብ ሰዎች ቃል ነው። አንዱን ቁጥር ከሌላው ላይ እያነሡ እያነሡ መጣልና በመጨረሻ የተረፈውን ብቻ መያዝ ነው። በሰባት፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በሠላሳ ሲገድፉ ነው የኖሩት። ምንም ካልተረፈ ቁጥሩ ተገደፈ፣ አለቀ ይባላል። አባቴ ያሉኝ እንግዲህ ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንለውን ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን።

ድገሙልኝ አልኳቸው። አንዲት አኃዝ ሳያዛንፉ ደገሙልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ አኃዞቹን ደመርኩ፤ ሰባ ሦስት። ለሦስት አይካፈልም። ደብረ ብርሃን እስክገባ ሰባትን፣ አሥራ አንድን፣ አሥራ ሦስትን፣ አሥራ ሰባትን በየተራ ሞከርኩ። ሁሉም አተረፉ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ቁጥሩ እንዲሰበርልኝ እየለመንኩ ነበር። አንድ አካፋይ ቢገኝ አባቴን የማስወጣው እኔ አልሆንም፤ ቁጥሩ ይሆናል።

ሰኞ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ አስገባሁት። ብቸኛ ነው አለ። ኮምፒውተሩንም ጠረጠርኩት፤ በሌላ ዘዴ ጠየቅሁት። ብቸኛ ነው አለ። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝና ቁጥሩ ላይ አንድ ጨምሬ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ እያልኩ ወረድኩ። ስልሳ አንድ ጊዜ ስከፍለው አንድ ላይ ደረሰ። አንድን ስልሳ አንድ ጊዜ እጥፍ አድርጎ በመጨረሻ አንድ መቀነስ፤ የአባቴ ቁጥር ይህ ነበር።

እንዲህ የሚሠሩ ቁጥሮች ለጠርጣራ ሰው የተፈጠሩ ናቸው። ሁለት ጊዜ አጥፈህ አንድ ስትቀንስ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ ሰባት፣ አምስት ጊዜ ሠላሳ አንድ፣ ሰባት ጊዜ መቶ ሃያ ሰባት። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ማመን ስትጀምር አሥራ አንድ ይመጣል፤ ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። መልኩ የወንድሞቹ ነው፣ ውስጡ ግን ሃያ ሦስት በሰማንያ ዘጠኝ ነው። በድሮ ዘመን አንድ የፈረንሳይ መነኩሴ ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ብቸኛ እንደሆኑ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። ስልሳ ሰባትን ከታማኞቹ ጋር አስገባው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚከፈል ሆኖ ተገኘ። ስልሳ አንድን ግን ከዝርዝሩ አስቀረው፤ ብቸኛ ሆኖ ሳለ። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተርኬ አስቄበታለሁ። ያን ሰኞ ግን ራሴን በመነኩሴው ቦታ ለማየት አልታደልኩም።

ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ይህን ቁጥር በእጅ ሞክሮ ብቸኛ ነው ለማለት እስከ አንድ ቢሊዮን ተኩል ድረስ ያሉትን አካፋዮች መፈተሽ ይጠይቃል፤ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ለአባቴ የነገራቸው ሰው አለ። ማን? ጎረቤታቸው ቄስ ዘመናዊ ስልክ አላቸው። ደብሩ ደግሞ ሌላ የባሕረ ሐሳብ መምህር የለውም፤ አባቴ እንዲሄዱ አይፈልግም። ቄሱ ከስልካቸው አውጥተው አስጠንተዋቸዋል። ነገሩ ግጥም ብሎ ተገጣጠመልኝ፤ ሲገጣጠምልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቄሱን ከደብሩ በር ላይ አገኘኋቸው። ወረቀቱን አሳይቼ፣ «አባ፣ ይህን ለአባቴ ያስጠኗቸው እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። አጠያየቄ ለካህን የሚሆን አልነበረም።

ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት፣ ሳቁ። «የእኔ ስልክ የልጆቼ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ይህማ የመሪጌታ ነው! በየጾሙ ከዚያ ከሣጥናቸው ላይ አይነሡም። እኛ ጸሎት እየደገሙ ይመስለን ነበር። እሳቸው አሁን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እቤታቸው ግባና ጠብቃቸው።»

እቤት ገባሁ። ሣጥኑን በልጅነቴ መክፈት ቀርቶ መደገፍ አይፈቀድልኝም ነበር። ከፈትኩት። ሰባት ደብተር፣ ጀርባቸው በክር የተሰፋ። የመጀመሪያውን ስገልጥ ከሽፋኑ ጋር አንድ ደብዳቤ ተሰፍቷል። ጽሕፈቱን አይቼ ማን እንደጻፈው ወዲያው አወቅሁ፤ የእኔ ነው።

«አባባ» ይላል፣ «ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር የሚገድፈው የለም። እዚህ አዲስ አበባ አስተማሪያችን አሳይተውናል። እሞክራለሁ ቢሉ እንኳ፣ አካፋይ ቢኖረው ከአካፋዩ ላይ አንድ ሲነሣ የቀረው ለመቶ ሃያ ሁለት የሚያልቅ መሆን አለበትና ከዚያ ውጪ ባለው አይድከሙ። እኔን ልጅዎን ይመኑኝ።»

የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የጻፍኩት መሆን አለበት። መሆን አለበት እላለሁ እንጂ አላስታውስም። ደብዳቤውንም፣ የጻፍኩበትንም ቀን፣ ያንን ቁጥር ለአባቴ መላኬንም ፈጽሞ አላስታውስም። መርሳት ጀምረዋል ብዬ የፈረድኩባቸው ሰው ሠላሳ ዓመት የያዙትን እኔ ረስቼዋለሁ።

ከደብዳቤው ሥር በአባቴ እጅ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። «ልጄ ነው። ቢሆንም ይጣራ።»

ከዚያ ሥር መስመሩ ይጀምራል። በግራ አካፋዩ፣ በቀኝ የተረፈው። ሦስት መቶ ስልሳ ሰባት፤ ተረፈ ሰማንያ ሁለት። ጠርዙ ላይ፣ «አንዱን መተው እንደ እኛው ነው» ብለው ጽፈዋል። ባሕረ ሐሳብም ገና ላላለቀው ዓመት አንድ ይተዋልና ደስ ብሏቸው ነበር ማለት ነው። ገጽ በገጽ፣ ጾም በጾም፣ ሰባት ደብተር። የመጨረሻው መስመር የተጻፈበትን ቀን አየሁ፤ ሐኪም ዘንድ ከሄድን ከአራት ቀን በኋላ።

እዚህ ላይ ጨዋ ልጅ ቢሆን ደብተሩን ስሞ ይዘጋ ነበር። እኔ እርሳስ አወጣሁ። የድሮ ነገር ከአእምሮ በመጨረሻ የሚጠፋ ነው፤ የአሁኑ ሥራቸው ትክክል ነው ወይ? የመጨረሻውን መስመር አካፋይ ወስጄ ያንን ባለ አሥራ ዘጠኝ አኃዝ በእጄ ማካፈል ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። የተረፈኝ ከእሳቸው ጋር አልገጠመም።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ።

«ምን ተረፈህ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አባቴ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ዓይናቸው ከክፍቱ ሣጥን ወደ እርሳሴ ዞረ። ነገርኳቸው።

«አንብብልኝ።»

ከላይ ጀምሬ ደረጃ በደረጃ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሉኛል፤ «አይበቃም… አንድ ልጨምር… አለፈ…»። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ያነበነቡት ይህንኑ ነበር፤ ደብተራቸውን ስላልያዙ በቃላቸው ያካፍሉ ነበር።

«ቆይ» አሉኝ መሃል ላይ። «እዚያ ጋ አንድ ተበድረህ ከጎረቤቱ ላይ አልቀነስክም።»

አየሁ። አልቀነስኩም። አስተካክዬ ስጨርስ የተረፈኝ ደብተሩ ላይ ያለው ሆነ።

«አባባ» አልኩ። «ሐኪሙ ዘንድ… መቶ ሲቀነስ ሰባት ሲልዎት…»

«ሰባት ሰባት እያልክ ውረድ አለኝ፤ ወረድኩለት። መቶ በሰባት ሲገደፍ ሁለት ይተርፋል። መንገዱን ሁሉ ቁጠርልኝ አላለኝም።»

ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ… አሥራ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የተረፈውን ብቻ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐኪሙ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የሒሳብ መምህር ነኝ፣ የእሳቸው ልጅ ነኝ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አፈርኩ። እሳቸው እኔን ሠላሳ ዓመት ጠረጠሩኝ፤ ሲጠረጥሩኝ ግን እርሳስ ይዘው፣ እየደከሙ፣ በየመስመሩ ዕድል እየሰጡኝ ነው። እኔ እሳቸውን በአንድ ጠዋት ጠርጥሬ በዚያው ጠዋት ፈረድኩ።

ስልክ የሚይዘው ከደብሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አባባ አይመጡም። የትም አይሄዱም።»

በጥንቃቄ፣ «አንተ ራስህ ደህና ነህ? መቶ ሲቀነስ ሰባት ስንት ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር መጣ። ሁሉንም ነገርኳት። «በእናታችን ስም ጠሩኝ እኮ» አለች አሁንም እየተጠራጠረች፤ የማን ልጅ ናት? «እሷን ራሷን መስለሽ ቁጭ ብለሽ በማን ስም ይጥሩሽ?» አልኳት። አለቀሰች። እርጅና የለም አላልኳትም፤ እሱ አይካድም። እኔ በየቅዳሜው ልወርድ፣ ቄሱም ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ እንዲያዩአቸው ልለምን ተስማማን። የጓሮዋ ክፍል ለእንግዳ ትሁን አለች።

ስመለስ አባቴ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለብርሃኑ ወደ በሩ ተጠግተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስፈራ ስቸር፣ «አባባ፣ ያ ቁጥር… አሁንስ አመኑኝ?» አልኳቸው።

«ቁጥሩን ገና ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንተን ግን እስከ ዘንድሮ አምኜህ ነበር። ሐኪሙ ፊት ዝም ያልክ ዕለት ነው የጠረጠርኩህ።»

እርሳሱን አነሣሁና የሚቀጥለውን አካፋይ እንዲነግሩኝ ጠበቅሁ።